ቤት ያናይ ባህር ዳርቻ፦ ጸጥ ባለው ሰዓት ቤተሰብ ይዞ ለመሄድ

እናቴ እስራኤል ከገባች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከቤቷ እስከ ሜዲትራኒያን ባህር በመኪና ሩብ ሰዓት አይሞላም። እግሯን ውሃው ውስጥ የነከረችው ግን ባለፈው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ነው። «እስከ ዛሬ ለምን አልሄድሽም?» ስላት «ጩኸቱ፣ ግፊያው፣ ደሞ ውሃው ሰው ይበላል ይላሉ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጁላይ ላይ ቅዳሜ እኩለ ቀን ወደ ባህር የወጣ ሰው ጩኸቱንም ግፊያውንም ያገኘዋል። ሦስተኛው ደግሞ በየዓመቱ ቤተሰብ ያስለቅሳል።

ያው ባህር፣ ያው አሸዋ ማክሰኞ ጠዋት ሌላ ነው። ይህን የምጽፈው እንደ እናቴ ባህሩ አጠገብ እየኖሩ ባህሩን ላላዩት፣ ልጆቻቸው «እንሂድ» እያሏቸው ልባቸው ለሚፈራ ወላጆች ነው። ብዙ ሰው ጸጥታ ሲፈልግ ሩቅና ሰው የማያውቀው ቦታ ይሄዳል። እኔ እንደዚያ አልመክርም። የሚታወቅ፣ ጠባቂ ያለው ባህር ዳርቻ ያዙና ሰዓቱን ምረጡ። ለምን እንደምል ውሃው ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

1. ቦታውን እወቁት

ቤት ያናይ ያለው በኔታንያና በሐዴራ መካከል፣ ክፋር ቪትኪን ከሚባለው መንደር አጠገብ ነው። ስሙ የጥንቱ የአይሁድ (የሐሽሞናውያን) ንጉሥ የአሌክሳንደር ያናይ ነው። የሚያስተዳድረው የተፈጥሮና የፓርኮች ባለሥልጣን ስለሆነ ዳርቻው ላይ ሆቴል አልተደረደረም። ከሰሜን በኩል የአሌክሳንደር ወንዝ ወደ ባህር ይገባል። ከደቡብ በኩል ኩርካር የሚባለው ቢጫማ የአሸዋ ድንጋይ ገደል አለ። መሃል ላይ ከውሃው የሚወጣ የአሮጌ መርከብ ማቆሚያ ቅሪት ታያላችሁ። አሸዋው ደቃቅ ነው፣ ሰፊ ነው፣ በባዶ እግር ይኬድበታል።

ሐዴራና ኔታንያ ውስጥ ብዙ ወገን ስለሚኖር ነው ይህን ቦታ የመረጥኩት። አሽዶድ፣ አሽኬሎን ወይም ኪርያት ማልአኺ የምትኖሩ ኒጻኒም ይቀርባችኋል። እሱም በአሸዋ ክምር የታወቀ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እዚያም ይሠራል። ወንድና ሴት ለየብቻ የሚዋኙበት ዳርቻ የሚፈልግ ካለ ኔታንያ ውስጥ በኪርያት ሳንዝ፣ ቴል አቪቭ ውስጥ ደግሞ በኖርዳው አለ። እናቴ ግን ቤት ያናይ በረጅም ቀሚሷና በነጠላዋ ነው የሄደችው። ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

2. ወሩንና ቀኑን ምረጡ

የባህሩ ውሃ ፌብሩዋሪ ላይ 17 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ኦገስት ላይ ወደ 30 ይጠጋል። ውሃ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይቀዘቅዝም። በዚህ ምክንያት አየሩ በረድ ብሎ ተማሪዎች ትምህርት ቤት ሲመለሱ ባህሩ ገና ሙቅ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጊዜ ከሴፕቴምበር ሁለተኛ ሳምንት እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ነው። በአይሁድ በዓላት መሃል የሚወድቁትን የዕረፍት ቀናት ብቻ ዝለሏቸው፤ ያኔ አገሩ ሁሉ ይወጣል። ሌላው ጥሩ ጊዜ ከፋሲካ በኋላ ሜይ ነው። ውሃው ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል እንጂ ሰው የለም።

ጁላይና ኦገስት ላይ ከሆነ ግዴታችሁ፣ ከእሑድ እስከ ረቡዕ ካሉት ቀናት አንዱን ያዙ። ዓርብና ቅዳሜ የማይሆኑት ለግፊያው ብቻ አይደለም። መኪና የሌለው ሰው ዓርብ ከሰዓት ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ማታ አውቶቡስ አያገኝም። ዓርብ ጠዋት በአውቶቡስ ሄደው ከሰዓት መመለሻ አጥተው በጠራራ ፀሐይ መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች አውቃለሁ፣ ልጆች ይዘው።

ሰዓቱ ደግሞ ጠዋት ነው። ይህ ዳርቻ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይዋ ከኋላችሁ ትወጣለች፣ ዓይን አትወጋም። ንፋሱም ገና አልተነሳም። በበጋ ረፋዱ ላይ የብሱ ይሞቅና ከባህሩ ቀዝቃዛ አየር መሳብ ይጀምራል፣ ያኔ ማዕበሉ ከፍ ከፍ ይላል፣ አሸዋውም ይነሳል። ከሰዓት በኋላ ቤት ያናይ የካይት ሰርፈኞች ነው። በትልልቅ ጨርቅ ንፋስ እየያዙ ውሃው ላይ የሚበሩትን ማየት ደስ ይላል፣ ከነሱ ጋር ለመዋኘት ግን አይመችም። እኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ እዚህ 6:30 የሚባለው ላይ ደርሰን ከ5 ሰዓት በፊት እንወጣለን።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉ። በዚያ ሰዓት ማጺሉ (ነፍስ አድኑ) ገና አልመጣም። የሥራ ሰዓቱ ማማው ላይ ተጽፏል። እሱ እስኪመጣ መሄድ፣ መቀመጥ፣ እግር መንከር ብቻ። ዋና ከዚያ በኋላ።

3. ማታውን ሁለት ነገር አረጋግጡ

የመጀመሪያው የማዕበሉ ከፍታ ነው። የእስራኤል ሜትሮሎጂ አገልግሎት የባህሩን ሁኔታ በየቀኑ ያወጣል፣ በሴንቲሜትር። ከ50 በታች ከሆነ መዋኘት የማይችል ሰውም ዳር ላይ ይዝናናል። ከ80 በላይ ካያችሁ ልጆቹን ሌላ ቀን ብላችሁ አስተኟቸው። ያለቅሳሉ፣ ያልፍላቸዋል። (ቁጥሮቹ የእኔ መለኪያ ናቸው፣ በልምድ የያዝኳቸው።)

ሁለተኛው ሜዱዛ፣ ጄሊፊሽ የሚባለው ነው። «ሜዱዞት ባዓም» የሚባል ድረ ገጽ አለ፣ ሰዎች ያዩትን የሚያሳውቁበት ካርታ ያወጣል። ብዙ ጊዜ ከጁን መጨረሻ እስከ ጁላይ ድረስ በመንጋ ይመጣሉ።

የፒኩድ ሃዖሬፍን (የሠራዊቱን የሲቪል መከላከያ ዕዝ) መመሪያም በዚያው ተመልከቱ። የደኅንነቱ ሁኔታ ሲከፋ ዳርቻዎች ይዘጋሉና።

4. መሄጃው

በመኪና ከሆነ መንገድ ቁጥር 2 ላይ ሆናችሁ የቤት ያናይን ምልክት ተከተሉ። ማቆሚያው ይከፈልበታል። በአውቶቡስ የምትሄዱ ሙቪት በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ላይ «ቤት ያናይ» ብላችሁ በዕብራይስጥ ጻፉ፣ የመመለሻውንም ሰዓት በዚያው ያዙ። ከፌርማታው በእግር ይኬዳል፣ ስለዚህ ዕቃ አታብዙ።

5. የሚያዝ ነገር

ውሃ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር። ግማሹን ማታውን ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት፣ ጠዋት ምግቡን የሚያቀዘቅዝ በረዶ ይሆንላችኋል፣ ሲቀልጥ ትጠጡታላችሁ። ሰፊ ጃንጥላ ወይም ድንኳን። ፎጣ። ኮፍያ። ነጠላ ጫማ፤ ጠዋት አሸዋው ቀዝቃዛ ነው፣ ስትመለሱ ግን እግር ያቃጥላል። ትንሽ ጠርሙስ የምግብ ዘይትና የሕፃን ፓውደር። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ታዩታላችሁ።

ስለ ምግብ፦ እንጀራ በወጥ አትያዙ፣ አሸዋ ይገባበታል፣ እጅም አይታጠብም። ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቆሎ፣ ሐብሐብ። ሐብሐቡን ቤት ቁረጡት። እዚህ አገር ሐብሐብን ከጨዋማ ነጭ አይብ ጋር ነው የሚበሉት፣ እናቴ መጀመሪያ ፊቷን አጨማደደች፣ አሁን ግን አይቡን የምትይዘው እሷ ናት። ቡናውን በተመለከተ፣ ጀበና ይዞ አሸዋ ላይ ማፍላት ያምራል፣ ይገባኛል። ነገር ግን በንፋስ ውስጥ እሳት አደገኛ ነው፣ ከተፈቀደበት ቦታ ውጪም ክልክል ነው። ቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙ። ማንጋል (የከሰል ጥብስ) የሚያነዱ ሰዎች ፍሙን አሸዋ ቀብረው የሚሄዱት ነገር በጣም ያናድደኛል። አሸዋ ሙቀት ይዞ ይቆያል፣ ከላይ ምንም አይታይም፣ በማግሥቱ የሰው ልጅ በባዶ እግሩ ይረግጠዋል።

ስለ ቆዳ። «እኛ ጥቁር ነን፣ ፀሐይ አይጎዳንም» የሚለው ትክክል አይደለም። ቆዳችን የተሻለ ይከላከላል እንጂ ይቃጠላል፣ ከውሃውና ከአሸዋው የሚያንጸባርቀው ደግሞ ይጨምርበታል። ክሬሙን ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ተቀቡ፣ ከውሃ ስትወጡ ድገሙት። የልጆችን ጆሮና የእግር ጀርባ አትርሱ።

ስለ ጸጉር። ሹሩባ ያላችሁ ሴቶች ውሃ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ጸጉራችሁን በቧንቧ ውሃ አርጥቡት፣ ዘይት ጣል አድርጉበት። ንጹሕ ውሃ የጠጣ ጸጉር የጨው ውሃ ብዙ አይቀበልም። ስትወጡ ወዲያው አለቅልቁት። ጨው እየደረቀ ከዋለ ጸጉሩ እንደ ጭድ ይሰባበራል።

6. ስትደርሱ የት ትቀመጣላችሁ?

ሁለት ስህተት አለ። አንደኛው ገደሉ ሥር መቀመጥ ነው። ጠዋት ጥላ አለው፣ ንፋስ ይከልላል፣ ይስባል። ኩርካር ግን ልል ድንጋይ ነው። ክረምት ላይ ማዕበሉ ከሥሩ ይበላዋል፣ ዝናቡ ከላይ ይሰነጥቀዋል፣ ከዚያ በጠራራ በጋ ሳይታሰብ ይናዳል። የማስጠንቀቂያ ምልክት የተተከለው ለዚህ ነው። ሥሩ ላይ ትኩስ የወደቀ ድንጋይ ካያችሁ መልሱን አገኛችሁ። ራቅ በሉ።

ሁለተኛው ስህተት ጸጥታ ፍለጋ ከማጺሉ ማማ ዓይን መውጣት ነው። በእግር መሄድ፣ ወደ ወንዙ መግቢያ ድረስ መንሸራሸር ይቻላል፣ በጣምም ያምራል። ውሃ የምትገቡ ልጆች ካሏችሁ ግን ፎጣችሁን የምታነጥፉት ማማው ሊያያችሁ የሚችልበት ቦታ ነው። መንግሥት ለዋና የፈቀደው ዳርቻ «ሖፍ ሙኽራዝ» ይባላል። ሌላው ሁሉ የቱንም ያህል ቢያምር የተከለከለ ነው። ወንዙ ባህሩን የሚገናኝበት ቦታም ለዋና አይሆንም፣ በተለይ ከዝናብ በኋላ። ወንዙ ብዙ ዓመት ፍሳሽ ሲወርድበት የኖረ ነው። ለማዳን የተሠራው ሥራ በ2003 አውስትራሊያ ውስጥ ዓለም አቀፉን የወንዞች ሽልማት አግኝቷል፣ ያም ሆኖ የዋና ውሃ አይደለም።

ማማው ላይ ባንዲራ አለ። ነጭ ከሆነ ባህሩ ሰላም ነው። ቀይ ከሆነ አደገኛ ነው፣ መዋኘት የማይችል ሰው ዳር ይቅር። ጥቁር ከሆነ መግባት ክልክል ነው፣ ለማንም። ለልጆቻችሁ ከመኪና ሳትወርዱ አስጠኗቸው።

7. ውሃው

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልሂድ።

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል አይደል? ይህን አባባል ሥጋ ለብሶ ያየሁት 19 ዓመቴ ላይ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለዋና ያልተፈቀደ ዳርቻ ሄድን። ማዕበል ነበር። እኛ ግን መሃል ላይ አንድ ጸጥ ያለ ቦታ አየን፣ ግራና ቀኙ ነጭ አረፋ እየተሰበረ እዚያ ጋ ምንም አይሰበርም። «እዚህ ጋ ይሻላል» ብለን ገባን። ውሃው ወገቤ ላይ ነበር። ትንሽ ቆይቶ እግሬ መሬት አጣ። ወደ ዳር ዋኘሁ፣ ዋኘሁ፣ ቀና ብዬ ሳይ ፎጣዎቻችን ከቅድሙ ርቀዋል። ያኔ ነው ልቤ የቀለጠው። ካይት የያዘ አንድ ሰው አይቶኝ በሰሌዳው ላይ አውጥቶኛል። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

የሆነው እንዲህ ነው። ማዕበል ውሃ ወደ ዳር ይገፋል። የተገፋው ውሃ መመለሻ ይፈልጋል፣ ጠባብ መውጫ ያገኝና በዚያ በኩል ወደ ጥልቁ ይሮጣል። በዚያ መስመር ላይ ማዕበል ስለማይሰበር ከሩቅ ሲያዩት ጸጥ ያለ ይመስላል። ቀለሙ ጠቆር ይላል፣ አንዳንዴ አረፋና ቆሻሻ ወደ ውስጥ ሲሄድ ይታያል። ድንጋይ ክምርና አሮጌ መርከብ ማቆሚያ አጠገብ ይበዛል። ስለዚህ ቤት ያናይ ላይ ከዚያ ቅሪት ራቁ።

ከያዛችሁ ፊት ለፊት አትታገሉት። ክረምት ላይ ወንዝ የተሻገረ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ሙላቱን ፊት ለፊት የሚገጥም የለም፣ አግድም ነው የሚቆረጠው። ባህሩም እንደዚያው ነው። መስመሩ ጠባብ ስለሆነ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆናችሁ ወደ ጎን ዋኙ፣ ከመስመሩ ስትወጡ ማዕበሉ ራሱ ወደ ዳር ያመጣችኋል። መዋኘት ካልቻላችሁ በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ አንድ እጅ ከፍ አድርጉ። ወደ ውስጥ ይወስዳችኋል እንጂ ወደ ታች አይጎትታችሁም። ሰው የሚሞተው ሲታገል ደክሞ ነው።

ሰው ሲወሰድ ያየ ደግሞ ዘሎ አይግባ። አንድ ሰው ለማዳን ሁለት የሞቱበት ታሪክ ብዙ ነው። ማጺሉን ጥሩ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለት፣ 101 (አምቡላንስ) ደውሉ፣ ዓይናችሁን ከሰውየው አትንቀሉ።

ለልጆች፦ ከእጃችሁ በላይ አይራቁ። ሰው ሲሰጥም የሚጮህ ይመስለናል። አይጮህም፣ አፉ ከውሃው በላይ የሚሆንበት ጊዜ ለመተንፈስ ብቻ ይበቃል። ስልክ እያያችሁ መጠበቅ መጠበቅ አይደለም። ከአዋቂዎቹ አንዱን ተራ ስጡት፣ ተራው እስኪያልቅ ሌላ ሥራ የለውም። በአየር የሚነፋ ፍራሽና ቀለበት ባህር ላይ ባይያዝ እመርጣለሁ፤ ጠዋት ከየብስ ወደ ባህር የሚነፍስ ንፋስ አለ፣ ቀላል ነው፣ የማይሰማ ነው፣ ግን ፍራሹን ይዞት ይሄዳል።

መዋኘት መማር ለሚፈልግ አዋቂ፣ የሰፈራችሁን ማትናስ (የማኅበረሰብ ማዕከል) ጠይቁ። እድሜ አያግድም። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ እንደ አዲስ ተምሬአለሁ።

መዋኘት የማይፈልግ ሰውስ? እናቴ የምታደርገው ይህ ነው፦ ውሃው ቁርጭምጭሚት በሚደርስበት ላይ ዝቅ ያለች ወንበር አስቀምጣ ትቀመጣለች። ማዕበሉ ይመጣል፣ እግሯን ይሸፍናል፣ ሲመለስ ከተረከዟ ሥር አሸዋውን እየሰረሰረ ይወስዳል። የመጀመሪያ ቀን ወንበሩን በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በልጅነቷ የሚዜም የሠርግ ዘፈን ታንጎራጉር ጀመር። እኔ ከኋላዋ ቆሜ አልተናገርኩም።

8. ከነደፋችሁ

ሜዱዛው እዚህ የሚበዛው ዓይነት ነጭና ሰማያዊ ትልቅ ነው። የሜዲትራኒያን ተወላጅ አይደለም፣ በስዊዝ ቦይ በኩል ከቀይ ባህር የገባ ነው፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ። ዳር ላይ ሞቶ የተጣለውም ይነድፋል፣ ልጆች በእንጨት እንዳይነካኩት።

ከነደፈ ከውሃው ውጡ። በባህር ውሃ እጠቡት፣ በቧንቧ ውሃ ግን አይደለም። ንጹሕ ውሃ ቆዳ ላይ የቀሩትን መርዛም ክሮች ያስነሳቸዋል። በፎጣ አትሹት። ክሩ ከታየ በፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ቀስ አድርጋችሁ አንሱት። ኮምጣጤ አድርጉበት የሚላችሁ ይኖራል፤ ለዚህ ዓይነቱ አይሆንም፣ ያባብሰዋል። ሽንትም እንደዚያው፣ ተረት ነው። ፊት ላይ ከሆነ፣ ሰፊ ቦታ ከያዘ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ 101።

ሌላው፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ ጥቁር ሆኖ ነጭ መስመር ያለበት፣ ጺም ያለው ትንሽ ዓሣ አሸዋ ላይ ሞቶ ታገኙ ይሆናል። አሣ አጥማጆች መረብ ውስጥ ሲገባባቸው የሚጥሉት ነው። ክንፉ ላይ መርዛም እሾህ አለው። የወጋው ሰው የተወጋውን ቦታ በሚቻለው መጠን ሙቅ በሆነ፣ ግን በማያቃጥል ውሃ ውስጥ ይንከረው፣ ከዚያ ወደ ኩፓት ሖሊም (ወደ ሐኪም ቤቱ) ይሂድ።

9. አሸዋውን እዩት

ይህን ክፍል ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው።

ማዕበሉ ሲመለስ አሸዋው ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ጥሎ ይሄዳል። ቆሻሻ ይመስላል፣ አይደለም። አንድ እፍኝ አንሱና መዳፋችሁ ላይ አድርቁት። አብዛኛው ፍሬ ኳርትዝ የሚባለው ፈዛዛ ማዕድን ነው። በመካከሉ ጠቆር ያሉ፣ ከባድ፣ የሚያብረቀርቁ ፍሬዎች አሉ። ማግኔት ካላችሁ አስጠጉት፣ ጥቂቶቹ ይለጠፋሉ።

የዚህ ዳርቻ አሸዋ የመጣው በናይል ነው። ወንዙ ወደ ግብፅ ዳርቻ አመጣው፣ ከዚያ የባህሩ ጅረትና ማዕበል በሲናና በጋዛ ዳርቻ አድርጎ ወደ ሰሜን ገፋው፣ እስከ ሐይፋ ባህረ ሰላጤ ድረስ። ናይል ከሚሸከመው ደለል አብዛኛው ደግሞ ከኢትዮጵያ ደጋ የታጠበ ነው፣ በአባይና በተከዜ። ተከዜ ሱዳን ውስጥ ከአትባራ ወንዝ ጋር ይገናኝና ከናይል ይቀላቀላል። እነዚያ ጠቋቁር ፍሬዎች ውስጥ ከደጋችን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨ አለበት። የአስዋን ትልቁ ግድብ በ1970 ካለቀ ወዲህ ወንዙ አዲስ አሸዋ ወደ ባህሩ አያደርስም፣ እግራችን ሥር ያለው ከዚያ በፊት የደረሰው ነው።

እናቴ የጸለምት ልጅ ናት። ተከዜን ታውቀዋለች፣ ድምፁን ክረምት ላይ ከሩቅ እየሰማች ነው ያደገችው። ይህን ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ አሸዋውን በመዳፏ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው፣ በአውራ ጣቷ እያሸች። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» አለች። «ማደሪያውስ ይኸው።» ትንሽ ዘግናም በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።

10. ስትወጡ

ጉድጓድ የቆፈሩ ልጆች ይድፈኑት፣ የአሸዋ ቤቱንም ያፍርሱት። ምክንያት አለው። በበጋ ሌሊት የባህር ኤሊዎች እንቁላል ለመጣል ወደ አሸዋው ይወጣሉ፣ ሁለት ዓይነት ናቸው። ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ጫጩት ባህሩ ጋ አይደርስም። ከውሃው ወጥቶ የሚመለስ፣ እንደ ትራክተር ጎማ ያለ ዱካ ጠዋት ካያችሁ አትርገጡት፣ የፓርኮቹን ባለሥልጣን በ*3639 ጥሩ። መጥተው እንቁላሉን ወደሚጠበቅበት ቦታ ይወስዱታል። የተጎዳ ኤሊ ካገኛችሁም እዚያው ደውሉ፣ ወደ ውሃው መልሳችሁ አትግፉት።

ላስቲክ ሁሉ ይሰብሰብ። የሐብሐቡ ልጣጭም ጭምር።

እግር ላይ ጥቁር ሬንጅ ከተጣበቀ በሳሙና አይለቅም። ያ የምግብ ዘይት ለዚህ ነው፤ ዘይት ቀብታችሁ በወረቀት ጥረጉት። ፌብሩዋሪ 2021 በዚህ ዳርቻ ላይ ብዙ ሬንጅ ተጥሎ በሺህ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች አጽድተውት ነበር። ዛሬም ክረምት አልፎ ጥቂት ጥቂት ይገኛል። ፓውደሩ ደግሞ ለአሸዋው ነው። የደረቀ እግር ላይ ነስንሱና በእጅ ጥረጉ፣ አሸዋው እንደ ዱቄት ይራገፋል፣ መኪናችሁም ይተርፋል።

ቤት ከመግባታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ካላችሁ፣ ከወንዙ መግቢያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ «ጌሼር ሃጻቢም»፣ የኤሊዎች ድልድይ የሚባል አለ። አሌክሳንደር ወንዝ ውስጥ ለስላሳ ጀርባ ያላቸው ትልልቅ የወንዝ ኤሊዎች ይኖራሉ፣ ትልልቆቹ ወደ አንድ ሜትር ይጠጋሉ። ይኸው ዓይነት ኤሊ በኦሞ ወንዝና በቱርካና ሐይቅም ይገኛል። ከድልድዩ ላይ ሆናችሁ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ዳቦ አትወርውሩላቸው፣ እጃችሁንም አታውርዱ፣ ይነክሳሉ። መጀመሪያ የሚታየው አፍንጫቸው ነው፣ እንደ ቀጭን ቱቦ ከውሃው ብቅ ይልና አየር ስቦ ይሰምጣል።